ስለ ሠርግ ቀን ማስታወቂያ ካርድ



ልጄ የሠርጓን ቀን አስቀድማ የምታስታውቅበትን ካርድ ወፍራም ወረቀት ቈርጣ በገዛ እጇ ብትጽፍ፣ ጎረቤቶቻችን «ማተሚያ ቤት ጠፍቶ ነውን?» አሉ። እኔ ግን ከወርቅ ቀለሙ ይልቅ የቀኑ መጣራት ይበልጣል እላለሁ። በጥር ለሚደረግ ሠርግ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ቲኬት የሚቈርጠው ከወራት በፊት ነው። ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 20 ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ግን 19 ነበረ፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ካለፈች ወዲያ እስከ የካቲት ድረስ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይገፋልና። አጎቷ በሠርጉ ማግስት ቢደርስ ያማረው ካርድ ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ሁለቱም አቈጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ። (ለታላላቅ ዘመዶች ግን ካርድ አይበቃም፤ በእግር ሄዶ መንገር ነው።) የአዳራሹና የሰዓቱ ነገር ለዋናው መጥሪያ ይቆይ።

አንድ የሙሽራ አባት
ከአዲስ አበባ