የቆላው ፎቶዎች ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል

በነገሌ ቦረና ስማርት ስልክ የገዛ ሰው ከሱቁ ከመውጣቱ በፊት የጂሜይል አድራሻ ይወጣለታል። ሻጩ ልጅ ስልኩን ያበራል፣ ሲሙን ያስገባል፣ ቋንቋ ይመርጣል፣ የገዢውን ስም ጽፎ ኋላው ላይ ሁለት ሦስት ቁጥር ይጨምራል፣ የልደት ቀኑን በግምት ይሞላል፣ የይለፍ ቃሉንም ከራሱ ፈጥሮ ያስገባል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ገዢው ፍየል ሸጦ የመጣ ሰው ከሆነ ቆሞ ያያል፣ ብሩን ቆጥሮ ይከፍላል፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉን አይጠይቅም፤ ሻጩም አይነግረውም። ሳምንት ሳይሞላ ሻጩም ይረሳዋል። በሻኪሶም፣ በያቤሎም፣ በሞያሌም ያየሁት ይህንኑ ነው።

የሱቁን ልጅ አልወቅስም። እሱ ባይኖር ብዙ ሰው ስልኩን አስነሥቶ መደወልም አይችልም ነበር። ስልኩ ሲበራ የሚደረድረው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ቢሆንም ገዢው የሚያነበው ኦሮምኛ ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ የማያነብም አለ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሰውየውም ወደ ገጠር የሚመለስበት መኪና እንዳያመልጠው ይቸኩላል። ችግሩ የሚታየው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስልኩ ይወድቃል፣ ውኃ ይገባበታል፣ ወይም ሕፃን ሲጫወትበት ፓተርኑን ይቀይረዋል። ባለቤቱ ጠጋኝ ዘንድ ይሄዳል።

«አባባ፣ የጂሜይሉ ፓስወርድ ምን ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ የሱቁ ልጅ ነው የከፈተልኝ።»

«እንግዲያው ፍላሽ ይደረጋል። ውስጡ ያለው ግን ይጠፋል።»

አባባ ስልኩ እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉና እሺ ይላሉ። በዚያ እሺታ ውስጥ የሚጠፋውን ነገር ነው ዛሬ ልናገርለት የምፈልገው።

ከ2013 ዓ.ም መግቢያ አንሥቶ በቦረናና በዙሪያው ባለው ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። የመጋቢቱም የጥቅምቱም ዝናብ ቀረ። እስከ 2015 ዓ.ም ድረስ ከብቱ በየሜዳው አለቀ፤ ከብት ያጣው ሰው በዱብሉቅና በሌሎችም ቦታዎች በሸራ ስር ሰፈረ። ያንን ጊዜ ለአገር ካሳዩት ምስሎች ብዙዎቹ የተነሡት በካሜራ ባለሙያ አይደለም፤ በአካባቢው ወጣቶች ስልክ ነው። ከአዲስ አበባ የእርዳታ መኪና ሳይደርስ በፊት የተጋደሙት ከብቶች በፌስቡክና በቴሌግራም ደርሰው ነበር። ያ ስልክ በአካባቢው ባይኖር ኖሮ ስንቱ ነገር ሳይታይ ይቀር እንደነበር ሳስበው ለዚያች ትንሽ ካሜራ አክብሮት ይሰማኛል።

ነገር ግን እረኛው ላሙን ፎቶ የሚያነሣት ለእርዳታ ሰጪ ብቻ ብሎ አይደለም። በዚህ አገር ላም በስሟ ትጠራለች፤ እናቷ ማን እንደነበረች፣ ለማን ጥሎሽ እንደተሰጠች፣ በየትኛው ድርቅ እንደተረፈች ይታወቃል። ከሊበን ሜዳ ማዶ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ስልካቸውን ከፍተው ከብቶቻቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ አሳይተውኛል። በሕይወት ያሉት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት በስክሪኑ ላይ እንጂ በበረቱ የሉም። የተሰነጠቀ መስታወት ላይ ጣታቸውን እያሳለፉ ሲነግሩኝ ስለ ዘር ቆጠራ የሰማሁት ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ነበር። ያ ስልክ ፍላሽ ሲደረግ የሚጠፋው «ዳታ» አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ የሀብትና የኀዘን መዝገብ ነው።

«ጉግል ያስቀምጥልን የለም ወይ?» የሚለኝ ወጣት አይታጣም። ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ጉግል ፎቶስ ባለቤቱ ራሱ ካልቀየረው በቀር ፎቶዎችን ወደ ኩባንያው ማከማቻ የሚያሳልፈው ዋይፋይ ሲያገኝ ነው። በእኛ ከተሞች በቤቱ ዋይፋይ ያለው ስንት ነው? አብዛኛው ሰው በቀን ወይም በሳምንት ፓኬጅ የሚኖር ነው፤ ከከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ ኔትወርኩም ኮረብታ ላይ ወጥተው የሚለምኑት ነው። ስለዚህ ፎቶዎቹ ስልኩ ውስጥ ሆነው ዋይፋይ ሲጠብቁ ይከርማሉ። ባለቤቱ ተቀምጠውልኛል ይላል፤ አልተቀመጡለትም።

ያለፉትም ቢሆኑ ማከማቻው እንደ ድሮው አይደለም። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር በመጠኑ የተጨመቀ ፎቶ ያለ ገደብ በነፃ እንደሚያስቀምጥ ተነግሮለት ነበር። ሰው ከለመደው በኋላ፣ ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ፣ ነፃው ቦታ ኢሜይልንም ሌላውንም ጨምሮ 15 ጊጋባይት ብቻ ሆነ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ በየወሩ ይክፈል ተባለ፤ የቆላው ሰው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ የለውም። ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ ኩባንያው ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንትን ከነፎቶው የመሰረዝ ደንቡን ሥራ ላይ አውሏል። ይህ ደንብ ለካሊፎርኒያ ሰው የተረሳ ሳጥን ማጽጃ ሊሆን ይችላል። በነገሌ ግን የይለፍ ቃሉን የሱቅ ልጅ አውጥቶለት፣ ስልኩ ሲበላሽ በአዲስ ጂሜይል አዲስ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ሁለት ዓመት መቆጠር ጀምሮበታል። ማስጠንቀቂያው የሚላከው ማንም ወደማይከፍተው የኢሜይል ሳጥን ነው። ኩባንያው ምትክ ሰው አስቀድሞ የሚሰየምበት መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለው፤ በዚህ አካባቢ ያንን የሚያውቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ኦሮምኛን በ2022 ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ያስገባ ድርጅት ይህንን አንድ ገጽ በኦሮምኛ በድምፅ ማስረዳት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ቴሌግራምስ? ብዙ ሰው ፎቶውን ለራሱ ወይም ለዘመድ በቴሌግራም ልኮ «እዚያ አለ» ይላል። በተለመደው መንገድ ሲላክ ፎቶው ተጨምቆ ይቀንሳል። የባሰው ግን የማይታየው ጉዳት ነው። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታ መመዝገቢያው ክፍት ከሆነም የተነሣበትን ስፍራ ከፎቶው ጋር ያሰፍራል። ፎቶው በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሲያልፍ ያ መረጃ ከላዩ ይራገፋል። ይህ የሰውን መኖሪያ ከማያውቁት ዓይን ስለሚሰውር ደግ ነገር ነው፤ ለታሪክ ግን ክፉ ነው። ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት የድርቁ ፎቶዎች አብዛኞቹ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተነሡ አይናገሩም። የሌላ አገር የሞተ ከብት የቦረና ነው ተብሎ ሲለጠፍ፣ የቦረናውም የሌላ ነው ሲባል አይቻለሁ። ለሚከራከረው ሰው ማስረጃ የሚሆነው የመጀመሪያው ፎቶ ነበር፤ እሱ ፍላሽ ተደርጓል። እንደ ፋይል አድርጎ መላክ ይህንን ያድናል። ጥቂት ሜጋባይት ይበላል እንጂ የሚከብድ አይደለም።

ስልክ ሠሪዎቹን ከልቤ የማመሰግንበትም ነገር አለኝ። በፊልም ዘመን የቆላ ሰው ፊት በፎቶ አይወጣም ነበር። ፀሐዩ ኃይለኛ፣ ቆዳው ጥቁር፤ ታትሞ ሲመጣ ጥርስና ዓይን ብቻ የሚለይበት ፎቶ በየቤቱ ግድግዳ አለ። ጥፋቱ የፎቶ አንሺዎቻችን አልነበረም። ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለአሥርት ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም ሸርሊ ይባል ነበር። የእኛ ፊት ለዚያ መለኪያ እንግዳ ነበር። በኩባንያው ውስጥ ለውጥ የገፋፋውም የጥቁር ሰው ቅሬታ ሳይሆን የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ምርታችን በትክክል አልወጣም ማለታቸው መሆኑ ተመዝግቧል። ይህንን ሳነብ ያመመኝን ሕመም እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ፣ የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ባለቤት፣ ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን አፍሪካ ላይ ጣለ። ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያም ስልክ ይገጣጥማል። ካሜራው ጥቁር ፊትን በደብዛዛ ብርሃን እንዲያገኝ መሐንዲሶቹ ዓይንና ጥርስን መነሻ አድርጎ ብርሃኑን እንዲያስተካክል ሠርተውታል፤ ፊልሙ ብቻቸውን ያስቀርልን የነበሩት እነዚያው ዓይንና ጥርስ ማለት ናቸው። ዛሬ በነገሌ ምሽት በኩራዝ ብርሃን የተነሣች እናት ፊቷ ከነምልክቱ ይታያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ገበያ ፈልጎ ያደረገው መሆኑ ዋጋውን አይቀንስብኝም።

ያንኑ ፊት መልሶ የሚያጠፋው ግን እዚያው ስልክ ውስጥ አለ። በብዙ ርካሽ ስልኮች ላይ የፊት ካሜራው የማስዋቢያ ማስተካከያ ማንም ሳይጠይቀው ክፍት ሆኖ ይመጣል፤ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ያነጣል፣ የፊት መስመር ይደመስሳል። አንድ ልጅ የአያቱን ፎቶ አንሥቶ ሲያሳየኝ ሰባ ዓመት የቆላ ፀሐይ የጻፈው ግንባር እንደ ሕፃን ልስልስ ሆኖ ነበር። አያቱ እሳቸው አልነበሩም። ማስተካከያው ይኑር፤ የፈለገ ይክፈተው። ተዘግቶ ይምጣ ነው የምለው።

ቀድሞ ፎቶ ጠባቂ ነበረው። ፎቶ ቤቱ ነጌቲቩን በፖስታ ከትቶ፣ ቁጥር ጽፎ ያስቀምጥ ነበር። ነገሌ የጦር ሰፈር ከተማ ናትና ወታደሩ ጉርድ ፎቶ ተነሥቶ አንዱን ለእናቱ በደብዳቤ ይልካል፤ ከዓመታት በኋላ ቅጂ ፈልጎ የሚመጣ ዘመድ ቁጥሩን ነግሮ ያገኛል። ይህች ከተማ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም ወታደሮቿ በምግብና በውኃ ምሬት አምፀው መኮንኖቻቸውን ያሰሩባት፣ ንጉሡ የላኳቸውን ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው ያንኑ የሚበሉትን ያበሉባት ናት። የዘውዱ መውደቅ የተጀመረው ከዚህ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። የዚያን ቀን አንድም ፎቶ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ቢሆን እያንዳንዱ ወታደር ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይኖረው ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንዱስ ተርፎ ይገኝ ነበር ወይ ብትሉኝ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በሌላ በኩል እዚሁ አገር የማይጠፋ መዝገብ አለ። በ2017 ዓ.ም ሥልጣኑን ያስረከቡት አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ በቦረና ቆጠራ 71ኛው ናቸው፤ እያንዳንዱ አባ ገዳ የሚመራው ስምንት ዓመት ነውና ቆጠራው ከአምስት መቶ ስልሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያለ ወረቀት፣ ያለ ስልክ፣ በሰው ልብ። ድርቁ፣ ጦርነቱ፣ የከብት በሽታው በየአባ ገዳው ዘመን ተሰድሮ ይነገራል። ይህ የሆነው የማስታወስ ኃላፊነት የተሰጣቸው፣ የሚታወቁ ሰዎች ስላሉ ነው። ለስልክ ፎቶ እንደዚህ ያለ ኃላፊ ማንም አልሰየመም፤ የማከማቻው ኩባንያም ኃላፊ አይደለሁም ብሎ ማንም በማያነበው ውል ላይ ጽፏል።

የስልክ ሱቅ ልጆችን የምለምነው፣ ጂሜይል ስታወጡ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡ፤ ማንበብ ለማይችል ሰውም ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ያስቀምጥለታል። ጠጋኞች ፍላሽ ከማድረጋችሁ በፊት ስልኩ የሚከፈት ከሆነ ፎቶውን ወደ ሜሞሪ ካርድ ገልብጡ፤ ለዚህ ተጨማሪ ብትጠይቁም ሰው ይከፍላል፣ ምን እንደሚድን ከነገራችሁት። ሠርግና ልደት የሚያትሙት ፎቶ ቤቶች ከጀርባው ስም፣ ቦታና ዓመት ይጻፉ።

የድርቁን ፎቶዎች ግን ግለሰብ ብቻውን አያድናቸውም። ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ የገዳን ሥርዓት በድኅረ ምረቃ ያስተምራል፤ የዞኖቹ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም አሉ። ሁለት ተማሪና አንድ ኮምፒውተር ይዘው በገበያ ቀን ነገሌ፣ ያቤሎና ሞያሌ ቢቀመጡ፣ የሰውን ስልክ ከፍተው የመጀመሪያውን ፎቶ ቢገለብጡ፣ ላሟ ማን ትባል እንደነበረ ከባለቤቱ አፍ በድምፅ ቢቀዱ ሥራው ይጀመራል። ፈቃዱን ለሰጠ ብቻ፣ የቀረውን ሳይነኩ። ጊዜው ደግሞ አሁን ነው፤ በድርቁ ዓመት የተገዙት ስልኮች ጠጋኝ ቤት እየገቡ ያሉት በዚህ ሰሞን ነውና።