የሠራተኛ እናት ልጅ የት ይዋል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ሕፃኑ ገና ሦስት ወሩ ነው። ሐኪሞች እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም አትስጡት ይላሉ፤ የመቐለ ልብስ ሰፊ ግን ፈረቃ ገብታ፣ ጡቷ ሞልቶ ሸሚዟን እያራሰው መርፌዋን ትከተላለች። ልጁ ከአያቱ ጋር ነው፤ አያት ከሌለች ደግሞ ከትምህርቷ ከቀረች ታላቅ እህቱ ጋር።

በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት የተከፈተው ድሬዳዋ ላይ፣ ለምድር ባቡር ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ነበር። ሠራተኛ ካለ የልጁም ጉዳይ እንደሚታሰብ ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው፤ የታሰበው ግን ለባዕድ ሠራተኛ ልጅ ነው። በደርግ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት ወደ ቀበሌ ወረደ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ዘርፉ በአብዛኛው ለግል ተቋማት ተተወና ክፍያው ከፋብሪካ ሠራተኛ አቅም በላይ ሆነ። በኋላ የመጣው ዜሮ ክፍልም የሚቀበለው ለአንደኛ ክፍል የተቃረበውን ልጅ ነው፤ ጡት የሚጠባውን አይደለም።

የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ የብዙ ወጣት ሴቶች ተስፋ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ የትግራይ ጦርነት ተከተለ። መጋቢት 2012 የተዘጉ የክልሉ ትምህርት ቤቶች እስከ 2015 ሳይከፈቱ ቆዩ፤ ያኔ ሦስት ዓመት የነበረው ልጅ መዋዕለ ሕፃናትን ሳያይ ስድስት ሞላው። በመቐለ ማይ ወይኒን የመሳሰሉ ትምህርት ቤቶችም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ።

አቋማችን ግልጽ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። እንዲህ ያለ ግዴታ ሴቶችን በብዛት ለሚቀጥሩ ፋብሪካዎችም ሊደርስ ይገባል። ባለሀብቶች ወጪው ይከብደናል ይላሉ። የሠለጠነች ሠራተኛ ልጇን የምታስቀምጥበት አጥታ ስትለቅ በምትኳ ሌላ ማሠልጠንም ወጪ ነው፤ እሱ ግን በሒሳባቸው ሲገባ አናይም። የክልሉ አስተዳደርም በጦርነቱ የተዘጋ ፋብሪካ ዳግም ሲከፈት ማቆያ ክፍልና ማጥቢያ ሰዓት ከፈቃዱ ጋር ይጠይቅ። ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ተመልሰው ትምህርት ቤቶቹ ሲለቀቁ ደግሞ፣ ከየግቢው ጥቂት ክፍሎች ከአንደኛ ክፍል በታች ላሉ ልጆች ይመደቡ፤ መዝጊያ ሰዓታቸውም እናቶቹ ከፈረቃ ከሚወጡበት ሰዓት ጋር ይግጠም።