ባሉን ላይ ማን ይውጣ? ማንስ ከታች ሆኖ ይመልከት?



አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ለማግኘት የግድ አዲስ አበባ ድረስ የማይመጡበት ጊዜ አለ። ዕረፍቱ አጭር ሲሆን፣ ቪዛውም ሲገኝ፣ ኢስታንቡል ላይ ይገናኛሉ። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ሳምንት ያሳልፋሉ። ታዲያ በዚያ ሳምንት ውስጥ ከወጣቶቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ፣ ጎህ ሲቀድ ሰማዩን የሞሉ ባለቀለም ባሉኖች የሚታዩበትን ፎቶግራፍ ማሳየቱ አይቀርም። «እማዬ፣ እዚህ እንውሰድሽ» ይላል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ጉልበቷን የሚያማት እናት ትችለዋለች? የ5 ዓመቱ ልጅስ ይፈቀድለታል? ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነፋስ ቢነሳስ?

የዛሬው ጽሑፋችን ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ዋናውን ነገር ግን አስቀድመን እንናገር። በባሉን ጉዞ ቤተሰብ ሊጨነቅበት የሚገባው ስለ ከፍታው ሳይሆን ስለ ማረፊያው ነው። ማን ይውጣ፣ ማን ይቅር የሚለውም መወሰን ያለበት ባሉኑ መሬት የሚነካባትን ቅጽበት በማሰብ ነው።

ቦታው

ፎቶግራፉ ላይ ያለው አገር ቀጰዶቅያ ነው። በመካከለኛው ቱርክ የሚገኝ ሲሆን፣ ከኢስታንቡል በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስዳል። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ካይሴሪ ወይም ኔቭሺር ላይ ነው። ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ላይ ተጠቅሷል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴዎቹ አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስም የቂሳርያ ጳጳስ ነበር። ያቺ ቂሳርያ የዛሬዋ ካይሴሪ ናት።

በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ጠንክሮ ለስላሳ ድንጋይ ሆነ። ዝናብና ነፋስ ድንጋዩን ሸርሽረው ሾጣጣ ዓምዶችና ጥልቅ ሸለቆዎች አደረጉት። ሰዎች ደግሞ ዓለቱን ፈልፍለው ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩበት። ላሊበላን ያየ ሰው ጎረሜ ሲደርስ ከዓለት የመፈልፈሉን ጥበብ በሌላ መልክ ያገኘዋል። ሁለቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈሩ ሲሆን፣ ላሊበላ በ1978፣ ጎረሜ በ1985 እ.ኤ.አ. ተመዝግበዋል። ባሉን የሚያሳየው ይህንን መልክዓ ምድር ከላይ ሆኖ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ጎረሜ ከባሕር ወለል በላይ 1100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባሉኑ ከዚያ ላይ ሌላ 1000 ሜትር ቢወጣ እንኳ የአዲስ አበባን ከፍታ አይደርስም። ስለዚህ ከፍታው ከቤታችን የተለየ የትንፋሽ ፈተና አያመጣም።

እንዴት ይንሳፈፋል?

የልጅ ልጅዎ መጠየቁ አይቀርምና መልሱን ይዘው ይሂዱ። የሞቀ አየር ከቀዝቃዛ አየር ይቀላል። በግዙፉ የናይሎን ከረጢት ውስጥ ያለው አየር በፕሮፔን ጋዝ ነበልባል እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፤ ያን ጊዜ ከረጢቱን፣ ቅርጫቱንና ሰዎቹን ይዞ ይነሳል። አብራሪው ሲያነድ ይወጣል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ወይም ከአናቱ ላይ ያለው መክፈቻ በገመድ ሲከፈት ይወርዳል።

መሪ የለውም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚወስደው ነፋሱ ነው። የአብራሪው ሙያ ነፋሱ በተለያየ ከፍታ ላይ በተለያየ አቅጣጫ እንደሚነፍስ አውቆ፣ ወደሚፈልገው ነፋስ መውጣት ወይም መውረድ ነው። የት እንደሚያርፍም አስቀድሞ በትክክል አይታወቅም። ስለዚህ ሠራተኞች በመኪና ሆነው ከታች ይከተሉታል።

ልጆች የሚወዱት ታሪክም አለ። ሞንጎልፊየር የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በመስከረም 1783 እ.ኤ.አ. በቬርሳይ በባሉን ያሳፈሩት አንድ በግ፣ አንድ ዳክዬና አንድ አውራ ዶሮ ነበር። ሰው በነፃነት የበረረው ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር ወር ላይ ፓሪስ ውስጥ ነው።

የዕለቱ አካሄድ

ጉዞው የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቀው ነፋሱ የተረጋጋ ስለሆነ ነው። መኪና እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ከሆቴል ይወስድዎታል። ሜዳው ላይ ከረጢቱ ተዘርግቶ በትልቅ ማራገቢያ አየር ሲሞላና ሲቃና ያያሉ። ለሕፃናት ከበረራው የማይተናነስ ትርኢት ይህ ነው።

ወደ ቅርጫቱ የሚገባው በበር አይደለም። ጎኑ ላይ ባሉት የእግር መርገጫ ቀዳዳዎች እየረገጡ ወጥቶ ወደ ውስጥ መሻገር ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ቅርጫቶች በክፍል በክፍል የተከፈሉ ሲሆኑ፣ ከ20 ሰው በላይ የሚይዙም አሉ። ወንበር የለም፤ መጸዳጃም የለም። አንድ ሰዓት ያህል በእግር መቆም ግድ ነው።

ከተነሳ በኋላ ብዙ ሰው የሚገርመው ጸጥታው ነው። ባሉኑ ከነፋሱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ነፋስ ፊትዎን አይመታም፤ ቅርጫቱም እንደ ጀልባ አይወዛወዝም። ፎቅ ላይ ቆመው ወደ ታች ማየት የሚያዞራቸው ሰዎች እንኳ ብዙውን ጊዜ እዚህ ይረጋጋሉ። ጸጥታውን የሚሰብረው የነበልባሉ ድምፅ ነው። ድንገት ይጮኻል፤ ሙቀቱም አናት ላይ ይሰማል። ትንንሽ ልጆች ሊደነግጡ ስለሚችሉ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ቆብ ለራስ ይጠቅማል። ለቅዝቃዜው ደግሞ ሲሞቅ የሚወልቅ ድርብርብ ልብስና ጠፍጣፋ ጫማ ይልበሱ። ነጠላም ሆነ ረጅም ሻርፕ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በደንብ ይቋጠር።

መሬት ሲነካ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ነፋሱ ለስላሳ በሆነበት ጠዋት ባሉኑ እንደ ላባ ያርፋል፤ አንዳንዴም ቀጥታ በመኪናው ተጎታች ላይ ይቀመጣል። ነፋሱ ትንሽ ከበረታ ግን ቅርጫቱ መሬት ነክቶ ይነጥራል፣ ይጎተታል፣ በጎኑም ሊጋደም ይችላል። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት አብራሪው የማረፊያ አቋቋም ያስተምራል። ጀርባን ባሉኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማዞር፣ ጉልበትን ዕጥፍ ማድረግ፣ ከውስጥ ያሉትን የገመድ መያዣዎች በሁለት እጅ መጨበጥ። ስልክና ካሜራ ያን ጊዜ በኪስ ወይም በቦርሳ ውስጥ ይሁኑ።

ሌላው ሕግ ደግሞ አብራሪው «ውጡ» ሳይል ማንም እንዳይወጣ የሚል ነው። አንድ ሰው ዘሎ ቢወርድ ክብደቱ ስለሚቀንስ ባሉኑ ሌሎቹን ይዞ መልሶ ሊነሳ ይችላል። ልጆች ለመውረድ ይቸኩላሉና እጃቸውን ይያዙ።

አደጋ ፈጽሞ የለም ብለን አንዋሽም። በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. በግብፅ ሉክሶር አንድ ባሉን ለማረፍ ሲል እሳት ተነስቶበት 19 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በቀጰዶቅያ ሁለት ባሉኖች አየር ላይ ተጋጭተው የሦስት ሰዎች ሕይወት አልፏል። በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው በሰላም ወጥቶ በሰላም ይወርዳል። ቢሆንም ውሳኔው የቤተሰብ ነውና ሁለቱንም ማወቅ ይገባል።

ማን ይውጣ?

በቀጰዶቅያ በጥቅሉ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይሳፈርም። ቁመቱም ይታያል፤ ከቅርጫቱ ግድግዳ በላይ ማየት የማይችል ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያየው የሰው ወገብ ነው። አዝሎ ወይም አቅፎ መቆም ደግሞ በማረፊያ ጊዜ እጅን ስለሚያሲዝ ለሁለቱም አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡሮችም አይሳፈሩም።

ለአያቶች ዕድሜ ብቻውን ክልከላ አይደለም። ራስዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ። ያለ ድጋፍ አንድ ሰዓት መቆም እችላለሁ? የቅርጫቱን ግድግዳ መሻገር እችላለሁ? ጉልበቴን አጥፌ ድንገተኛ ግጭት መቋቋም እችላለሁ? ለሦስቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ መልካም ነው። የጉልበት፣ የዳሌ ወይም የጀርባ ቀዶ ሕክምና በቅርቡ ያደረገ፣ አጥንቱ የሳሳ ወይም ከባድ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ።

እዚህ ላይ ለልጆች የምንለው አለን። ወላጆቻችን እኛን ላለማሳዘን ሲሉ «ምንም አይለኝም» ማለት ይቀናቸዋል። በሌሎች ፊት መጠየቅ ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ለብቻቸው፣ በእርጋታ ይጠይቋቸው። የደስታቸውን ቀን ላሳምር ብሎ ጉልበታቸውን መጉዳት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያሰኛል።

ነፋሱ እምቢ ሲል

ባሉኖቹ ይብረሩ ወይም አይብረሩ የሚለውን የሚወስነው የአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን ነው። አረንጓዴ ባንዲራ ፈቃድ ነው፤ ቢጫ ጠብቁ ማለት ነው፤ ቀይ ከሆነ የዚያን ጠዋት ማንም አይነሳም። ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ደርሶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሊመለስ ይችላል። በክረምታቸው ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ መሰረዙ ይበዛል፤ የፀደዩና የመኸሩ ጠዋቶች የተሻሉ ናቸው።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ይደሩ። በረራውንም ለመጀመሪያው ጠዋት ይያዙ። ቢሰረዝ ለነገ ይሸጋገራል። አንድ ሌሊት ብቻ ይዞ የሄደ ቤተሰብ ግን ቀይ ባንዲራ ሲያይ ይከፋል፤ «ዛሬውኑ የሚያወጣን የለም ወይ?» ማለትም ይጀምራል። ይህ መጠየቅ የሌለበት ጥያቄ ነው። የተሰረዘ በረራ ቤተሰብዎን የጠበቀ በረራ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት

ዋጋው እንደ ወቅቱና እንደ ቀኑ በጣም ይለዋወጣል። በአንድ ሰው ከ100 ዩሮ በታች የሚገኝበት ቀን አለ፤ ከ200 በላይ የሚጠየቅበትም አለ። በቅርጫቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚሳፈር፣ በረራው ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ በአየር ጠባይ ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ መመለስ አለመመለሱን ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። የጉዞ መድን ካለዎት ባሉንን ይሸፍን እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ውሎች ለብቻው ይለዩታልና። ካረፉ በኋላ መጠጥ ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው፤ ለማይጠጣ ጭማቂ ይሰጡታል።

ከታች የሚቀረው

ከታች መቅረት ቅጣት አይደለም። ፎቶግራፉ ላይ የምናያቸው በመቶ የሚቆጠሩ ባሉኖች በአብዛኛው የተነሱት ከመሬት ነው፤ ቅርጫት ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ባሉን ሙሉ ገጽታ አያየውም። ጎረሜ መንደር አጠገብ ያለው ኮረብታ ላይ፣ ወይም በሆቴሉ ሰገነት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ትኩስ ሻይ ይዘው፣ የ5 ዓመቱን ልጅ ጎናቸው አስቀምጠው የሚያዩ አያት ከሁሉ የተሻለውን ቦታ ይዘዋል። አንድ ትልቅ ሰው ግን አብሯቸው ይቅር። አያትና ሕፃን በማያውቁት አገር፣ በጨለማ፣ ብቻቸውን ኮረብታ ላይ አይተዉም። ይህም ማለት ከወጣቶቹ አንዱ ወይም አንዷ የራሱን ተራ ለሌላ ጠዋት ያቆየዋል። ማን እንደሚቀር አዲስ አበባ ሳላችሁ ተነጋገሩበት፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ መኪናው ደጅ ቆሞ፣ የሚወሰን ነገር አይደለም።