የግራና ቀለብ በጥር ይገዛ

ከግራና፣ ከመርሳ፣ ከወልዲያና ከመላው ሀብሩ ወጥታችሁ በየአገሩ ለምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፤

ለቤተሰብ ቀለብ ብለን ገንዘብ የምንልክበትን ወር እንለውጥ። ይህን የምለው ብዙ አስቤበት ነው። አብዛኞቻችን የምንልከው ለእንቁጣጣሽ፣ ለፋሲካ፣ ለዒድ፣ አለዚያም «እህል አልቋል» የሚል ስልክ ሲደወልልን ነው። ስልኩ የሚደወለው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ማሽላው ገና ከማሳ አልተነሳም፤ ጤፉም ቡቃያ ነው። የገበሬው ጎታ ተጠርጓል፤ ገበያ ላይ የሚገኘው እህል ነጋዴ ከመኸር ጀምሮ ያቆየው ስለሆነ ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን አውድማው ሞልቶ፣ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውንና የልጆቹን ወጪ ለመሸፈን እህሉን በገፍ ያወጣል። ያኔ ዋጋው ይወርዳል። ብዙ ጊዜ በርካሹ ወር እጃችን ይሰበሰባል፣ በውዱ ወር ይዘረጋል። የላክነው ያው ገንዘብ ሆኖ ሳለ እቤት የሚገባው እህል ያንሳል።

ሂሳቡን እንየው። በአገራችን የዕርዳታ አሰጣጥ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይሰፈራል። ይህን መነሻ ብናደርግ አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 75 ኪሎ፣ በስድስት ወር አራት ኩንታል ተኩል ይፈልጋል። ከራሱ ማሳ የሚያገኘው እስከ ግንቦት ለሚያደርሰው ቤተሰብ እንግዲህ እስከ መኸር የሚጎድለው ይህን ያህል ገደማ ነው። ሀብሩ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከሚሠራባቸው ወረዳዎች አንዱ መሆኑን አትርሱ፤ የክረምቱ ወራት ክፍተት በየዓመቱ የሚመጣ፣ ቀድሞ የሚታወቅ ነው። ቀድሞ ለሚታወቅ ችግር ደግሞ ቀድሞ መግዛት ይቻላል።

«ብንገዛስ ነቀዝ ይበላዋል» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ማሽላና በቆሎ በቆላው ሙቀት ቶሎ ይነቅዛል፣ ገበሬውም እህሉን በርካሽ ከሚሸጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። መፍትሔው ግን አለ። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን አለው፤ በደንብ የደረቀ እህል ተሞልቶ አየር እንዳይገባ ሲታሰር ነቀዙ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ምንም ኬሚካል አያስፈልገውም። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ለምዕራብና ለመካከለኛው አፍሪካ ገበሬዎች ያዘጋጁት ሲሆን ኢትዮጵያም ውስጥ ይሸጣል። ሰዎች በሚተኙበት ቤት ውስጥ የነቀዝ ኪኒን እህል ውስጥ መክተት ግን ነፍስ ያጠፋል፤ እባካችሁ ለወላጆቻችሁ ይህን በስልክ ንገሯቸው። ገንዘቡን ስትልኩ የከረጢቱን ዋጋ ጨምሩበት።

ስለ ማሽላ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የአካባቢያችን ቀለብ ዋናው እሱ ነው። ሀብሩ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና አንድ» ይባላል። ማሽላችንን ሲያጠፋ የኖረውን አቀንጭራ የተባለ አረም የሚቋቋሙት «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት ዝርያዎች ደግሞ የኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ሥራ ናቸው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም በዚሁ የማሽላ ምርምራቸው ነው። እሳቸውም ያስተማሩት በዚያው በፐርዱ ነው። ይህን ያህል ዕውቀት የፈሰሰበትን እህል እኛ ውጭ አገር ስንኖር የድሃ ምግብ አድርገን ትተነዋል። ይህ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ እናንተ ማዕድ ልምጣ። ጥር ላይ አንድ ላይ የሚላክ ገንዘብ የሚገኘው ከሳምንቱ የምግብ ወጪ ላይ ነውና። ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ለንደን፣ ፍራንክፈርትም ሆነ ሜልቦርን፣ ለአበሻ ቤተሰብ ትልቁ የምግብ ወጪ የተጋገረ እንጀራና ሥጋ ነው። እንጀራ ቤት ውስጥ መጋገር የሚያስቸግረው ጤፉን ብቻውን እንጋግር ስንል ነው። የወሎ እናት ጤፍና ማሽላ ቀላቅላ ትጋግራለች። ሁለት እጅ ጤፍ ላይ አንድ እጅ ማሽላ ጨምሩ፤ የማሽላ እንጀራ ብቻውን ቶሎ ይደርቃል፣ ጤፉ ግን ያለሰልሰዋል። አብሲቱን አትዝለሉ። የማሽላ ዱቄት በሕንድ መደብር «ጆዋር» በሚል ስም በትልቁ ከረጢት ይገኛል፤ ከጤፍ ዱቄትም ዋጋው ብዙ ይቀንሳል።

እዚያው መደብር ሳላችሁ ጥራጥሬውን በጅምላ ግዙ። ቀይ ምስር ክክ፣ ሽምብራ፣ አተር ክክ፣ ማሾ፣ አብሽም ሁሉ በዚያ አለ፤ ደረቅ ባቄላ ከዓረብ መደብር ታገኛላችሁ። አንድ ኪሎ ደረቅ ምስር ሲበስል ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ከእንጀራ ጋር ሲበላ ደግሞ ሙሉ ምግብ ነው፤ እህሉ ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ውስጥ በብዛት አለ። ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ልጅ «ፕሮቲን አጣ» እያላችሁ አትጨነቁ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት ገና ሳያቅድ ሁለት ቀን ከሥጋ ወጪ ነፃ ነው። የማይጾመውም እነዚያን ሁለት ቀኖች የሽሮና የምስር ቀን ቢያደርጋቸው ምንም አይጎድልበትም።

ጊዜ የለንም ለምትሉ፣ በተለይ ሁለት ፈረቃ ለምትሠሩ፣ ትልቁ መላ ቁሌት ነው። እሑድ ከሰዓት ብዙ ሽንኩርት በደንብ አቁላልታችሁ፣ ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን በእርድ፣ ለሳምንቱ ለየቀኑ ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት አስቀምጡ። ማታ ከሥራ ስትገቡ ምስር ወጥ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ደክሟችሁ ከውጭ ምግብ የምታዝዙበት ማታ በዚሁ ይቀራል፤ ወጪውን የሚያበዛው ደግሞ ያ ማታ ነው። የተረፈ እንጀራ ፍርፍር ይሁን፣ ብዙ ከሆነ አድርቃችሁ ድርቆሽ አድርጉት። ሥጋ ካማራችሁ ለቤተሰባችሁ ብቻ አትግዙ፤ አምስት ስድስት ቤት ሆናችሁ ከገበሬ በግ ወይም ከብት ገዝታችሁ ቅርጫ ተካፈሉ። ብዙ ከተሞች ውስጥ ወገኖቻችን ያደርጉታል፤ በኪሎ ሲታሰብ ከሱቁ ይረክሳል፣ ለሰፈሩም መገናኛ ይሆናል።

ከዚህ የሚተርፈው ይጠራቀም። ብቻውን ማጠራቀም ለሚከብደው እቁብ አለን። የአንድ አካባቢ ልጆች የሆናችሁ አሥር ቤቶች የእህል እቁብ ብትጀምሩ፣ ገንዘቡ በየወሩ ለአንድ ሰው መውጣቱ ቀርቶ ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ ተጠራቅሞ ጥር ላይ ለሁሉም እኩል ይከፈል። ሳዑዲ ያላችሁ እኅቶቻችን ምግባችሁ አሠሪ ቤት ስለሆነ ከሳምንት ወጪ ላይ የምትቆጥቡት የላችሁም፤ ደሞዛችሁ ግን በየወሩ ይላካል፣ አገር ቤት ደግሞ በየወሩ ይበተናል። የዓመቱን ሁለት ወይም ሦስት ወር ደሞዝ ለይታችሁ ለእህል ብላችሁ በመኸር ብትልኩ የክረምቱን ጭንቀት ከእናታችሁ ላይ ታነሳላችሁ። ረመዳንም አሁን የካቲት አካባቢ ይገባል፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ወደ ጥርና ታኅሣሥ ይጠጋልና በሚቀጥሉት ዓመታት የረመዳኑ ገንዘብ ራሱ የመኸር ገንዘብ መሆን ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ በነበረበት ጊዜ ስልክም ባንክም አልነበረም። ውጭ ያለን ሰዎች ገንዘብ በእጃችን ይዘን መላክ አልቻልንም። ከዚያ ወዲህም በክልላችን መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይተናል። ጎታ ውስጥ ያለ እህል የባንክ መክፈቻ ሰዓት አይጠብቅም። የምንዛሪው ለውጥም ያንኑ ይነግረናል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ክረምት ከ100 ብር አለፈ። ለላኪው ደስ ቢልም የዘይቱና የማዳበሪያው ዋጋ አብሮ ወጥቷል። ተቀምጦ የቆየ ብር አቅሙ ይደክማል፤ ኩንታል ማሽላ ግን ነሐሴ ላይም ኩንታል ነው።

ስትልኩ ወላጆቻችሁን አማክሩ። ምን ያህል ከማሳችሁ ታገኛላችሁ፣ እስከ ስንት ወር ያደርሳችኋል፣ ስንት ኩንታል ይጎድላል፣ ከረጢቱ ከየት ይገዛል ብላችሁ ጠይቁ። ቀለብ መስፈር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የበዓሉን ገንዘብ ተዉ አላልኩም፤ በግ ያርዱበት፣ ልጆቹም ይልበሱ። የቀለቡ ግን ለብቻው ይሁንና አውድማው ሳይጠረግ ይድረስ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ደውሉላቸው፣ የጎደለውን ኩንታል ጻፉ፣ ገንዘቡንም ጥር ሳይወጣ ላኩ።