አሮጌ አውቶሞቢልና የስደት ገንዘብ

ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ኩታበር፣ ልጆቻቸውን ወደ ዐረብ አገር በብዛት ከሚሸኙት የደቡብ ወሎ ወረዳዎች አንዷ ናት። በሰው ቤት አገልግሎ፣ ከብት ጠብቆ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ያን ገንዘብ ወደ አገሩ ለማሻገር ይቸኩላል። ቢቸኩልም አይፈረድበትም። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባርረው ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን እንደ ገቡ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንዱ ቤት ይሠራል፤ ሌላው ደግሞ «ያገለገለ መኪና ገዝቼ ልላክ፤ ወንድሜ እየነዳ ቤተ ሰቡን ያስተዳድር» ይላል።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የመኪና ዋጋ ሻጩ የጠራው ዋጋ ብቻ አይደለም። ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው በግዢው ዋጋ ላይ የማጓጓዣውንና የኢንሹራንሱን ወጪ ደምሮ ነው። ከዚያም ታክሱ በታክስ ላይ ይደራረባል። ለምሳሌ እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ደንብ፣ ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ የማይበልጥ አውቶሞቢል በ100,000 ብር ቢገመት፣ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲታከልበት 135,000 ብር ይኾናል። በዚህ ላይ 30 በመቶ ኤክሳይዝ ሲጨመር 175,500፤ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 201,825፤ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲጨመር ከ222,000 ብር በላይ ይደርሳል። ጅቡቲ ወርዶ፣ በሚሌና በባቲ አልፎ ኮምቦልቻ እስኪደርስ የሚወጣው ወጪ ገና አልተቈጠረም።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ደጋግሞ ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቍጥር 1186 የመኪናውን ዕድሜ ከሞተሩ ጕልበት ጋራ አያይዞ፣ እጅግ ያረጀውን ከዋጋው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ታክስ ጣለበት። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር በቤንዚን የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አስታወቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ግምቱ የሚሰላው በብር ስለ ኾነ፣ ቀረጡም አብሮ ወጣ።

የመንግሥትም ምክንያት ቀላል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ድረስ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪናዎች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌላ አገር ሲሸጡ፣ 40 በመቶ ያህሉ ወደ አፍሪካ ገብተዋል። ጎረቤታችን ኬንያም ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም። ጢሱን፣ አደጋውንና ለመለዋወጫ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ያሰበ መንግሥት አሮጌውን ቢከለክል አያስገርምም።

ችግሩ ሌላ ነው። ሕግ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ ገንዘብ ግን በዓመታት ይጠራቀማል። በ2010 ዓ.ም. ለአንድ ትንሽ ቶዮታ ቪትዝ መቈጠብ የዠመረች የኩታበር ልጅ፣ ገንዘቡ ሞላልኝ ስትል ያሰላችበት ደንብ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተሽሮ አገኘችው። «ከውጭ ተመላሽ በነጻ ያስገባል» የሚለው ወሬም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ለአንዱ በአንድ ዘመን የተፈቀደው ለሌላው በሌላ ዘመን አይሠራም።

የኤሌክትሪክ መኪናም ቢኾን ያለ ጥያቄ የሚገዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነጻ መደረጉ ዋጋውን አቅልሎት ነበር። ኾኖም ያገለገለ ባትሪ ኀይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዳገቱ ደግሞ ብዙ ኀይል ይበላል። በደጋው ወረዳ መብራትና የሚጠግን ሰው መኖሩ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ በውጭ አገር ያለው ወገናችን የመያዣ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት፣ የመኪናውን የተሠራበትን ዓመትና የሞተሩን መጠን ጽፎ፣ የዕለቱን ደንብ ከጉምሩክ ወይም ከኤምባሲ በጽሑፍ ይጠይቅ። በወረዳ ቢሮ የምትሠሩ ወጣት ሹማምንትና ነገ በቦታቸው የምትተኩ ተማሪዎችም ደንቡን አንብባችሁ ለገበሬው ቤተ ሰብ በቀላል አማርኛ አስረዱ። መኪናው ከተጫነ በኋላ የሚሰጥ ምክር ለቅሶ ከመድረስ አይሻልም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።