የመፈልፈያው መኪና ከለቀማ በፊት ይመርመር

የነጋዴ ትርፍ በገበያ ላይ ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ ወረዳ በምትገኘው በዱመርሶ፣ የዓመቱ ትርፍ ወይም ኪሳራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በቡና መፈልፈያው መኪና ነው። መኪናው በለቀማው መካከል የቆመ እንደሆነ፣ የቡና ዋጋ ምንም ያህል ቢወደድ ለነጋዴው የሚተርፈው ጭንቀት ነው።

በአርሲና በባሌ ሜዳ የእርሻ መኪና ሲባል በአሳብ የሚመጣው ትራክተርና የእህል ማጨጃ ነው። ቡናና እንሰት በጥላ ዛፍ ሥር አብረው በሚበቅሉበት በጌዴኦ ተዳፋት ግን ለትራክተር የሚመች ስፍራ ጥቂት ነው። ይኸው ከአባቶች የተወረሰ የአስተራረስ ሥርዓት የሚታይበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እሸት ቡናን በማጠቢያ ጣቢያ የማዘጋጀት ሥራ በኢትዮጵያ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሲስፋፋ ግን፣ የገበሬውም የነጋዴውም ኑሮ በመፈልፈያው፣ በሞተሩና በውሃ መሳቢያው ላይ ተመሠረተ።

ቀዩ ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ይገባዋል። ከነልጣጩ ያደረ እንደሆነ ተብላልቶ መጥፎ ጣዕም ያመጣል፤ ይህም ከቀማሽ ምላስ አይሰወርም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ መኪናው አንዲት ሌሊት ቢቆም የሚከመረው ብዛት ቀላል አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ኩሽኔታውን የሚይዘው የመኪናው ጆሮ በማታ ይሰበራል። የጭነት መኪና አካል የሚጠግን በያጅ በጥድፊያ ተጠርቶ፣ ከወዳደቀ ብረት መካከል አንዱን ቆርጦ በስብራቱ ላይ ይበይዳል። ሥራው ለጊዜው ያማረ ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ብየዳው ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ ያለው አካል ይሰነጠቃል። ጥፋቱም ሁሉ በበያጁ ላይ ይጣላል። እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋቱ የበያጁ ብቻ ሳይሆን፣ የተሰበረው ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ ሳይጠይቅ «ቶሎ በል» ያለው የባለቤቱም ጭምር ነው።

በሻጋታ ፈስሶ የተሠራ ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። ጊዛ የሚባለው ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚደርስ ካርቦን ስላለው፣ በብየዳ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። በሻጋታ የፈሰሰ አረብ ብረት ግን ካርቦኑ እጅግ ያነሰ ስለሆነ በሚገባ ይበየዳል። ሁለቱም ከላይ ሲታዩ ሸካራና ተመሳሳይ ናቸው፤ የሚለዩትም በፈተና ነው። በመሮ ሲመቱ አረብ ብረቱ ተጠቅልሎ ይላጣል፤ ጊዛው ይፈረፈራል። በሚሽከረከር መሞረጃ ሲነኩ የአረብ ብረቱ ፍንጣሪ ረዥምና ብሩህ ሲሆን፣ የጊዛው አጭርና ቀላ ያለ ነው። ይህ ፈተና ከአምስት ደቂቃ የበለጠ አይወስድም።

የተሰበረው አረብ ብረት ከሆነ፣ ወፍራሙን አካል ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አስቀድሞ ማሞቅ፣ 7018 የተባለውን የመበየጃ ዘንግ እርጥበት ሳይነካው መጠቀም፣ ከዚያም በደረቅ አመድ ሸፍኖ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ይጠቅማል። ጊዛ ከሆነ ግን የሚቻል እንደሆነ ብየዳውን ትቶ፣ ጠፍጣፋ ብረት ደግፎ በቡሎን ማሰር ይሻላል። መበየድ ግድ ቢሆን በኒኬል ዘንግ፣ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ እየበየዱ፣ በመዶሻ በቀስታ እየነኩ፣ እጅ እስኪችለው ድረስ እየጠበቁ መሥራት ይገባል።

«አዲስ መለዋወጫ ከውጭ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ከየት ይመጣል? ብየዳ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። አነጋገራቸው እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ብየዳን የሚነቅፍ ማንም የለም። የሚነቀፈው፣ በሐምሌና በነሐሴ በእርጋታ ሊሠራ የሚችለውን በኅዳር ሌሊት በፋኖስ ብርሃን መሥራቱ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ባለ ጣቢያ ከለቀማው በፊት መኪናውን አስፈትቶ ማስመርመር፣ የየክፍሉንም ብረት ዓይነት በደብተር ጽፎ መያዝ ይገባዋል። የአንድ አካባቢ ነጋዴዎችም ገንዘብ አዋጥተው፣ ቶሎ የሚሰበሩትን ክፍሎች ለጋራ አስቀምጠው ቢጠብቁ፣ ለአንዱ ከባድ የሆነው ወጪ ለአሥሩ ይቀላል። ለበያጁም የሚከፈለው ሒሳብ በፍጥነቱ ሳይሆን በሥራው ጥንካሬ ቢሆን፣ እርሱም ሙያውን ለማሻሻል ይተጋል።

እሸቱን ተሸክሞ ከጣቢያው በር የሚደርሰው ገበሬ የዓመት ልፋቱን ይዞ ነው የሚመጣው። መኪናው ቆሟል ተብሎ የተመለሰ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚጎዳው የነጋዴው ኪስ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው መተማመን ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ላለው ነገር ነው።