ስለ ምድራችን የሚሰጠው መግለጫ ለማን ነው?

የምድርና የጠፈር ሳይንስ ሊቃውንት በየዓመቱ በሚያካሂዱት ታላቅ ጉባዔ ከሚቀርቡት በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ጥናቶች መካከል ጥቂቶቹ ተመርጠው ለጋዜጠኞች መግለጫ ይሰጥባቸዋል። ሦስት ወይም አራት ተመራማሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የደረሱበትን በአጭሩ ያስረዳሉ፤ ይጠየቃሉ፤ ይመልሳሉ፤ ወሬውም በዚያው ቀን ዓለምን ያዳርሳል። በአሠራሩ ላይ ነቀፌታ የለንም። ጥያቄያችን መግለጫው የሚሰጥበት መሬት ነዋሪ ቃሉን መቼና በምን መልክ ይሰማዋል የሚል ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ምድር በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ቀልጦ የሚፈስ አለት ከመሬት በታች ሰርጎ በመግባቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር ተሰነጠቀ። ስፋቱም በአንዳንድ ሥፍራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 8 ሜትር ደረሰ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ደረጀ አያሌውና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በኅዳር መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተደረገው የአሜሪካ ጂኦፊዚካል ኅብረት ጉባዔ አስታወቁ። ጋዜጦችም «አዲስ ውቅያኖስ ሊወለድ ነው» ሲሉ ጻፉ። አባባሉ ሐሰት አልነበረም። ሆኖም ውቅያኖሱ እስኪወለድ ድረስ ሚሊዮን ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ደግሞ አስቀድሞ የሚወድቀው የዘመኑ ልክ ነው። ውቅያኖሱን ሰምቶ ሚሊዮኑን ያልሰማ ሰው ከብቱን ወዴት ይንዳ?

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ፣ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀየውን ለቆ ነበር። በዚያን ሰዓት ለነዋሪው የሚጠቅመው ዛሬ ማታ ከቤቱ ውስጥ ይደር ወይስ ከሜዳ የሚለውን በገዛ ቋንቋው የሚነግረው ሰው ነበር።

ለባሱንዳና ለገዳሪፍ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በዚያው በሱዳን ይገኛል። መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል አንድ የጠፈር አለት በኑብያ በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳ። አለቱ ከመውደቁ 20 ሰዓት ያህል አስቀድሞ በአሜሪካ አሪዞና በቴሌስኮፕ ታይቶ ነበርና ገና በጠፈር ሳለ ታይቶ ስብርባሪው በምድር ላይ የተገኘለት የመጀመሪያው ሆነ። መንገዱን መሣሪያዎች ጠቁመዋል፤ ስብርባሪውን ያገኘው ግን የሰው እግርና ዓይን ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሙዓውያ ሻዳድና ተመራማሪው ፒተር ጄኒስከንስ ብርሃኑን ያዩትን ሰዎች ጠየቁ፤ ተማሪዎችንም አሰልፈው በረሃውን በእግር አሰሱት። 600 ያህል ስባሪዎች፣ በጠቅላላው ከ10 ኪሎ የሚበልጥ አለት ተገኘ። ስሙም በባቡር ሐዲዱ ጣቢያ «አልማሐታ ሲታ»፣ ማለት «ጣቢያ ስድስት» ተባለ። በኋላም ሊቃውንቱ በዚሁ ጉዳይ የተወያዩት በካርቱም ነው። ምስክርነቱን የሰጠው ሕዝብ ውጤቱን በአገሩ መስማቱ እጅግ ተገቢ ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር አልፎ አልፎ ብቻ መደረጉ ግን ያሳዝናል።

ከጠፈር አለት ይልቅ ባሱንዳን የሚያስጨንቀው ዝናብ መሆኑን አንዘነጋም። የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ጠባይ ሊቃውንት ከየክረምቱ በፊት ተሰብስበው ስለ መጪው ዝናብ ትንበያ ያወጣሉ። ትንበያው የሚነገረው «ከመደበኛው በላይ የመሆን ዕድሉ በመቶ ይህን ያህል ነው» ተብሎ ነው። ይህን ማሽላና ሰሊጥ ለመዝራት ገንዘብ የተበደረ ገበሬ፣ ከመተማም ማዶ ለአረም የሚሻገር የቀን ሠራተኛ እንዴት ይረዳው? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ወደ ገዳሪፍ ተሰድዶ በሸራ ሥር ለሚያድረውስ ማን ይንገረው? በእኛ በኩል ጓንግ፣ በእነርሱ በኩል አትባራ የሚባለው ወንዝ አንድ ውሃ ነው፤ ሲሞላም ድንበር አይጠይቅም።

ስለዚህ የዝናቡ መግለጫ ከዋና ከተማ አዳራሽ ወጥቶ በገዳሪፍ በዓረብኛ፣ በመተማ በአማርኛ፣ ከመዝሪያው ወር አስቀድሞ ይሰጥ እንላለን። ሊቁ ከገበሬው ፊት ቆሞ ይጠየቅ፤ ያላወቀውንም አላወቅሁም ይበል። በድንበር ላይ በዘብ የሚያድረው ወታደርም ከአድማጮቹ አንዱ ይሁን፤ በሌሊት የሰማዩን ብርሃንና የወንዙን ድምፅ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነውና፣ የመገናኛ ራዲዮውም በእጁ ነው።